አጥንት ከገጠመ በኋላ ስለሚቀረው ሕመም

የስብከቱ መነሻ፦ 2ኛ ሳሙኤል 4፥4፤ 9፥1-13፤ 19፥24-30



የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ የሳኦልና የዮናታን ሞት ወሬ ከኢይዝራኤል ደረሰ። ሞግዚቱም ሕፃኑን አንሥታ ሸሸች፤ ስትቸኩልም ወደቀባት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ያነሣችው ልታድነው ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ነግሮን ያልፋል፤ ሴቲቱን አይወቅስም፤ በማን ኃጢአት እንደ ሆነም አይጠይቅም። ከዚያ አወዳደቅ በኋላ የመጣውን ረጅም ዘመን ግን በምዕራፍ 9፣ በምዕራፍ 16ና በምዕራፍ 19 እየተመለሰ ይተርክልናል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። አንድ ወንድም ወድቆ ወገቡ ሲሰበር ስለ አወዳደቁ ለወራት እናወራለን፤ ከዚያ በኋላ ስለሚኖረው ሃያና ሠላሳ ዓመት ግን የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው።

ይህን የምንጽፍላችሁ ከናይሮቢ ነው። በዚህች ከተማ የሞይ ጎዳናና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተሰየመው ጎዳና በሚገናኙበት ማዕዘን አንድ የመታሰቢያ የአትክልት ስፍራ አለ። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ኦገስት 7 ቀን 1998) በዚያ የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ተመታ፤ አጠገቡ የነበረው ኡፉንዲ የሚባለው ፎቅም በውስጡ በነበሩት ሰዎች ላይ ፈረሰ። በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞቱ፤ ከ4,000 በላይ ቆሰሉ። የሞቱት ሰዎች ስም በዚያ ተጽፎአል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። የቆሰሉት ግን ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም ያን ቀን በአካላቸው ተሸክመው እስከ ዛሬ የሚኖሩ አሉ። በአውቶቡስ አጠገባችን ቢቀመጡ አናውቃቸውም።

እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት ቦምብ አያስፈልግም። በኢስትሊና በሌሎች የናይሮቢ ሰፈሮች ከሚኖረው የእኛ ሕዝብ መካከል ከሕንጻ ሥራ መወጣጫ ላይ የወደቀ፣ ማታቱ ተገልብጦበት የተረፈ፣ ቦዳ ቦዳ ከሚሉት ሞተር ብስክሌት ላይ የተወረወረ አለ። እናንተም በደጋው አገር የምትኖሩ ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ ወጥቶ የወደቀውን፣ የቤት ክዳን ሲያድስ እግሩ ያዳለጠውን፣ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ሲሄድ ገደል የገባውን ታውቃላችሁ። ከእነዚህ አንዳንዱ እግሩን ፈጽሞ ያጣል፤ እርሱንስ ሁሉ ያየዋል፤ ተሽከርካሪ ወንበሩ ይናገርለታል። ዛሬ በተለይ ልንናገርለት የምንወደው ግን ሌላውን ነው፤ ይኸውም በእግሩ የሚሄደውን፣ የሚያመውን፣ ሕመሙንም ማንም የማያይለትን።

ከአንገት እስከ ወገብ ድረስ የሚንቀሳቀሱት የአከርካሪ አጥንቶች 24 ናቸው፤ በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ 5። ሰው ከከፍታ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ደረት ከወገብ በሚገናኝበት ስፍራ ያለው አጥንት ነው፤ በጎድን አጥንቶች የታሰረው ክፍልና እንደ ልቡ የሚታጠፈው ክፍል የሚገጥሙት በዚያ ነውና። በውስጡ የሚያልፈው ኅብለ ሠረሠር ካልተነካ ሰውዬው እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ አጥንቱም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይገጥማል። ሐኪሙም የራጁን ፎቶግራፍ ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ፣ “ገጥሞአል” ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ሰውዬው አሁንም ያመዋል፤ እርሱም እውነቱን ነው።

ሁለቱ እውነቶች እንዴት አብረው ይቆማሉ? አጥንቱ ሲሰበር ከፊት በኩል ተጨፍልቆ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ገጥሞ ይሆናል፤ በዚህም ጊዜ ጀርባ ጥቂት ወደ ፊት ይጎብጣል፤ የጀርባ ጡንቻዎችም ሰውዬውን ቀጥ አድርገው ለማቆም ቀኑን ሙሉ ይደክማሉ። በአንጓዎቹ መካከል ያለው ልስልስ ክፍልና ትንንሾቹ መገጣጠሚያዎችም አብረው ተጎድተው ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ነርቮች ራሳቸው ይለወጣሉ። አንድ ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ ገብቶ የሄደበትን ውሻ አስቡ። ከዚያ ወዲያ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮኻል፤ የቤቱ ጌታ ከደጅ ሲገባም ይጮኻል። ውሻው ዋሾ አይደለም፤ ጩኸቱም እውነተኛ ጩኸት ነው፤ ነገር ግን በጮኸ ቍጥር ጅብ መጥቶአል ማለት አይደለም። ከሦስት ወር አልፎ የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው። ታማሚው በታመመ ቍጥር አጥንቱ እንደ ገና የተሰበረ እየመሰለው ይፈራል፤ ስለሚፈራም አይንቀሳቀስም፤ ስለማይንቀሳቀስም ጡንቻው ይላላል፤ ሕመሙም ይጨምራል።

በዚህ ላይ ሁለት ድምፆች ይመጡበታል። አንደኛው “ፎቶግራፉ ደኅና ነው፤ ምንም የለብህም” የሚለው ነው። ሁለተኛውም ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ይህም ይበልጥ ያቆስላል። “ተጸልዮልህ የለምን? እስከ ዛሬ እንዴት አልዳንህም? ምናልባት እምነት ጐድሎህ ይሆናል” ይባላል። በናይሮቢም በአገራችንም በታላላቅ የፈውስ ስብሰባዎች፣ የወገቡን ቀበቶ ጥሎ በሕዝብ ፊት እንዲያጎነብስ የሚታዘዝ ሰው አለ። በዚያች ሰዓት እልልታው ደግፎት ያጎነብሳል፤ በማግሥቱም ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል፤ ከዚያም ወዲያ መታመሙን ለመናገር ያፍራል። ይህ ሰው ከሕመሙ በላይ ሌላ ሸክም ተጭኖበታል፤ የጫንነውም እኛ ነን።

እግዚአብሔር ሊፈውስ እንደሚችል እናምናለን፤ ስለ ድውያንም መጸለይን ከቶ አንተውም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በሥጋው ስላለው መውጊያ ሦስት ጊዜ ጌታን ለመነ፤ የተሰጠውም መልስ መውጊያው እንዲወገድ ሳይሆን ጸጋው እንዲበቃው ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12)። ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶት ሄደ (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)፤ እምነት ስለ ጐደለው ተውሁት ብሎ ግን አልጻፈም። ኢሳይያስም ስለ ንጉሡ ስለ ሕዝቅያስ መዳን የጌታን ቃል ካመጣ በኋላ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያኖሩበት አዘዘ። የአባታችን የማርቲን ሉተርም ሕይወት ለዚህ ምስክር ነው፤ በ1537 በሽማልካልደን ከተማ በኩላሊት ጠጠር ተይዞ ሊሞት ደርሶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ልዩ ልዩ ሕመም አልተለየውም። እርሱም ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሰው መጸለይ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም መውሰድ እንደሚገባው በጽሑፍ አስተማረ። እንግዲህ ክኒኑን የሚውጥ ክርስቲያን ከማይውጠው ያነሰ እምነት አለው የሚል ትምህርት ከወዴት እንደ መጣ አናውቅም፤ ከእርሱ እንዳልመጣ ግን እናውቃለን።

ዳዊት ሜምፊቦስቴን ከሎዶባር አስመጣው። አልፈወሰውም። የአያቱን መሬት መለሰለት፤ መሬቱን የሚያርሱለትን ሲባንና አሥራ አምስት ልጆቹን ሃያ አገልጋዮቹንም ሰጠው፤ እርሱንም በማዕዱ አስቀመጠው። ምዕራፍ 9 የሚፈጸመው እርሱ ሁልጊዜ ከንጉሥ ማዕድ ይበላ እንደ ነበር በመናገር ነው፤ በዚያውም ቍጥር ሁለት እግሮቹ ሽባ እንደ ነበሩ ይጨምራል። ጸሓፊው ይህን የመጨረሻ ነገር ሊተወው ይችል ነበር፤ አስቀድሞ ነግሮናልና። ሆኖም ደገመው። በማዕዱ መቀመጡና ሽባነቱ እስከ ፍጻሜ አብረው ተጻፉ።

ሕመም አብሮ የሚኖር ከሆነ አብሮት መኖርን መማር ያስፈልጋል። በዚህ ነገር የሐኪሞች ዕውቀት በዘመናችን ብዙ ተለውጦአል። ቀድሞ ጀርባው የተሰበረውን ሰው ለወራት አስተኝቶ መተው የተለመደ ነበር፤ ኅብለ ሠረሠሩ የተጎዳማ ከሆነ በመኝታ ቁስልና በኩላሊት መመረዝ ይሞት ነበር። ከናዚዎች ስደት ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ አገር የገባው አይሁዳዊው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሥራ ሲጀምር ይህን ልማድ አልቀበልም አለ። በሽተኞቹን ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እያስገላበጠ ከቁስል ጠበቃቸው፤ ከአልጋም አስነሥቶ ሥራና ጨዋታ ሰጣቸው፤ በ1948ም በተሽከርካሪ ወንበር የሚደረገውን ውድድር ጀመረ።

የእኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ የታከመው በዚያ ሆስፒታል ነው። በሮማና በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ይህ ሰው መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አንገቱ ተጎድቶ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በስቶክ ማንዴቪል ለወራት ከታከመ በኋላ የእጆቹን ኃይል መልሶ አገኘ፤ በ1970 (በአውሮፓውያን) በዚያው በተደረገው ውድድር ቀስት ወረወረ፤ በሚከተለውም ዓመት በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ግን አልተራመደም። እንደ እርሱ ያለ ሕክምና የሚያገኝ በአገራችንም በኬንያም ጥቂት ነው። በናይሮቢ ለአከርካሪ ጉዳት ብቻ የተለየ ብሔራዊ ሆስፒታል አለ፤ አልጋዎቹ ግን ለአገሩ ስፋት አይበቁም። በ2012 (በአውሮፓውያን) ዛካሪ ኪሞቶ የተባለው ኬንያዊ የእንስሳት ሐኪም፣ ወንበዴዎች ተኩሰው አከርካሪውን ያቆሰሉት ሰው፣ ለእንደዚህ ያለ ሕክምና ገንዘብ ይሰበሰብ ዘንድ በተሽከርካሪ ወንበሩ ከናይሮቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ጀምሮ ነበር። አገሩ ሁሉ ያየው በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ከሁለቱ ሰዎች ታሪክ በቤቱ ያለው ታማሚ የሚወስደው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መተኛት መድኃኒት አለመሆኑን ነው። አዲስ ስብራት ያለበት ሰው ሐኪሙ የወሰነለትን ያህል ይረፍ። አጥንቱ ከገጠመና ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ግን መራመድ ይገባዋል። ምን ያህል? በዚህ ነገር የኤልያስን ታሪክ እናስታውሳለን። ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ለምኖ በተኛ ጊዜ የእግዚአብሔር መልአክ ተነሥተህ ሩጥ አላለውም። አበላው፤ እንደ ገናም ተኛ፤ ሁለተኛም አበላው፤ መንገዱ ለእርሱ ረጅም እንደ ሆነ አውቆለት ነበርና። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ ሄደ። ታማሚውም እንዲሁ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ ያለ ብዙ ሥቃይ መራመድ ከቻለ በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ ይራመድ፤ በሚከተለው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ይጨምር። ሕመሙ እስኪያስቆመው ድረስ አይጠብቅ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይቁም። ብዙዎች የሚጎዱት በደኅናው ቀን ነው። አንዲት እኅት ጥዋት ስትነሣ ሕመሙ ቀለል ካለላት የሳምንቱን ልብስ ሁሉ አጥባ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ እንጀራውን ጋግራ ትውላለች፤ ከዚያም ሦስት ቀን ትተኛለች። በደኅናውም በክፉውም ቀን ልክን መጠበቅ ከባድ ትሕትና ነው፤ በተለይ ሥራ ወዳድ ለሆነ ሰው።

ሸክምን በተመለከተ ሃያ ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ እንደሚመዝን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአምስት ሊትር ከፍሎ አራት ጊዜ መመላለስ ጊዜ ይፈጃል፤ ወገብን ግን ያተርፋል። ዕቃ ሲያነሡ ጉልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ነው፤ እየተጠማዘዙ ማንሣት ክፉ ነው። ወጡንም ልብሱንም መሬት ላይ አጎንብሶ ከመሥራት ከፍ ባለ መደብ ላይ ማድረግ ይሻላል። ሲተኙ በጎን ተኝቶ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማኖር ብዙዎችን ያሳርፋል። የሞቀ ውኃ በጠርሙስ አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ በጀርባ ላይ ማኖርም እንዲሁ። እናቶቻችን በመቀነት ወገባቸውን ማሰራቸው ለጥቂት ሰዓት ሥራ ይረዳ ይሆናል፤ ቀንና ሌሊት መታሰር ግን ጡንቻን ያሰንፋል።

ስለ መድኃኒትም አንድ ቃል እንናገር። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ይጠቅማሉ፤ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለወራት መዋጥ ግን ጨጓራን ያቆስላል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ትራማዶልና እርሱን የመሰሉት ደግሞ ሰውን ባሪያቸው ሊያደርጉ ይችላሉ። ከነርቭ ለሚነሣው የሚያቃጥልና የሚነዝር ሕመም ሐኪም የሚያዝዘው ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ። የወጌሻን ሙያ አንንቅም፤ የወለቀ ትከሻ የመለሱ እጆች በየመንደሩ አሉ። ነገር ግን የተሰበረ አከርካሪ መታሸትም መጠምዘዝም የለበትም፤ በእግር ይሄድ የነበረ ሰው ከዚያ በኋላ ሳይሄድ ሊቀር ይችላልና።

ወደ ሐኪም ሳይውል ሳያድር መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። እግር እየደከመ ሲሄድ፣ በጭኖች መካከል ያለው ሥጋ ሲደነዝዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አልታዘዝ ሲል ለነገ አይባልም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ከጀርባ ሕመም ጋር ቢመጡ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በጊዜ ከተያዘና መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ከተወሰደ ይድናል። ደግሞ ያረጁ እናቶቻችንን እናስተውል። አጥንታቸው ስለሚሳሳ ሳይወድቁ፣ እንስራ ሲያነሡ ብቻ አከርካሪያቸው ሊሰበር ይችላል። ቁመታቸው ሲያጥርና ሲጎብጡ “እርጅና ነው” ብለን እናልፋለን፤ ከዚያ ጉብጠት በስተኋላ ግን ማንም ያላየው ስብራት ሊኖር ይችላል።

ሕመሙ በሌሊት ይበረታል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ይበልጥ ያመዋል፤ ጭንቀትና ብቸኝነትም እንዲሁ ሕመምን ያበዛሉ። ይህን ሐኪሞች በምርምር ያረጋገጡት ነገር ነው። እንግዲህ የምእመናን ጉብኝት ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለወገብም ይጠቅማል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

አሁን ወደ ሜምፊቦስቴ ታሪክ መጨረሻ እንመለስ። አቤሴሎም በዐመፀ ጊዜ ዳዊት ከኢየሩሳሌም ሸሸ። ሲባም የተጫኑ አህዮችና ሁለት መቶ እንጀራ ይዞ ተቀበለው። ንጉሡ ጌታህ ወዴት አለ ብሎ ጠየቀ። ሲባም በኢየሩሳሌም ቀርቶአል፤ መንግሥቱን ሊመልሱልኝ ነው ብሎ ተስፋ ያደርጋል ብሎ መለሰ። ዳዊትም ሌላ ምስክር ሳይጠይቅ መሬቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠ። ንጉሡ ሲመለስ ግን ሜምፊቦስቴ ሊቀበለው ወረደ፤ ንጉሡ ከሄደበት ቀን ጀምሮ እግሩን አልታጠበም፤ ጢሙን አልቈረጠም፤ ልብሱንም አላጠበም ነበር። አህያ ጭኜ ልከተልህ ወድጄ ነበር፤ እኔ ሽባ ነኝና ባሪያዬ አታለለኝ አለ። ያልመጣው ስላልወደደ አልነበረም፤ አህያውን የሚጭንለት ስላጣ ነበር።

በየቤተ ክርስቲያናችን መዝገብ ስማቸው ከተቀባዮች ተራ የወጣ፣ “ቀዝቅዞአል”፣ “ዓለም ወስዶታል” የተባሉ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ ስንቱ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ስላልቻለ እንደ ቀረ ማን ጠየቀ? ስንቷስ እኅት ከማታቱው መንጓጐት የተነሣ መምጣት አልቻለችም? በጸሎት ጊዜ ያልተንበረከከውን ሽማግሌ ትዕቢተኛ ያልነው፣ ለመንበርከክ ከቻለ ለመነሣት እንደማይችል ሳናውቅ ይሆናል። መዝሙር ሲዘመር ተቀምጦ የቀረውን፣ ስብከት ሲሰበክ ከኋላ ቆሞ ወዲያና ወዲህ የሚለውን ሰው አስተናጋጆቻችን በዐይናቸው ባይገሥጹት መልካም ነው። አንድ ሁለት ወንበር መደገፊያ ያለው በግድግዳው አጠገብ ይቀመጥ። ስብከታችንም ቢያጥር ብዙዎች አያዝኑም።

የሚመጣው እሑድ ሲደርስ ሽማግሌዎች መዝገቡን ይዘው ይቀመጡ፤ ከሦስት ወር በላይ ያልታዩትን ስም አንድ በአንድ ያንብቡ። ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው ወደ ቤታቸው ይሂዱ፤ ሲሄዱም ጥያቄአቸው “ለምን ቀረህ?” አይሁን፤ “ምን እናምጣልህ?” ይሁን። ውኃ የሚቀዳላት ያጣች ትኖር ይሆናል። ለሆስፒታል ቀጠሮ የመጓጓዣ ገንዘብ ያጣ ይኖር ይሆናል። ለጌታ እራት መምጣት ያቃተው ካለም ፓስተሩ ኅብስቱንና ጽዋውን ይዞ ይሂድለት፤ ተኝቶም ቢሆን ይቀበል።